የቱሉ ሮባ ደረጃዎች

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓ.ም.፣ የታኅሣሥ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በኦቦ መንደር በኩል የኬንያንና የኢትዮጵያን ድንበር ተጋድሞ የሚታየው የቱሉ ሮባ ተራራ እንደ ልማዱ ራሱን በጉም ተከናንቦ አደረ፤ ከግርጌው ግን ሌላ ጉም ይነሣ ነበር፤ እርሱም ከኬንያው ሞያሌ ሰፈሮች አንዱ የሆነው የቡቲዬ ቤቶች ጢስ ነበር።

በዚያ ዓመት በኬንያ ምድር አዲስ ሥርዓተ መንግሥት ተተክሎ፣ ሹመትና በጀት ከናይሮቢ ካውንቲ ወደሚባሉት አውራጃዎች ወርዶ ነበር፤ ወንበሩ ለማን ይሁን፣ ግጦሹስ የማን ነው የሚለው ክርክር እያደር መረረ፤ በአንድ ገበያ ፍየል ሲሻሻጡ፣ በአንድ ለቅሶ አብረው ሲቀመጡ የኖሩ ጎረቤታሞች ድንበሩ ለሁለት በሚከፍላት በሞያሌ ከተማ ጎዳና ላይ ጠመንጃ ተማዘዙ። ጥይቱን የገዙላቸው ሰዎች ርቀው፣ በጠባቂና በአጥር ተከልለው ተቀምጠው ነበር፤ የሚሞተው ግን ሞያሌ ላይ ነበር።

አረጋሽ ዶቃታ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት አልሞላትም። ከድንበሩ ኬላ አጠገብ ለጭነት መኪና ሾፌሮች ምግብ የምታቀርብባት፣ የአገሩ ሰው ሆቴል የሚላት አንዲት ጠባብ ቤት ነበረቻት፤ አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ቡቲዬ ባለው መኖሪያዋ አብረዋት ያሉት አባቷ አቶ ዶቃታ ብቻ ነበሩ። አቶ ዶቃታ በወጣትነታቸው ከኢትዮጵያ ደጋ ወርደው በሞያሌ ገበያ በልብስ ስፌት ያረጁ፣ የስንቱን ሹም ኮትና የስንቷን ሙሽራ ቀሚስ የሰፉ፣ በስተርጅና ግን ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ቤቶቹ መንደድ በጀመሩበት ጧት ጎረቤታቸው ሐጂ አብዱላሂ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ሐጂ አብዱላሂ ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ገዝተው ኬንያ የሚሸጡ፣ በሁለቱም አገር የታወቁ ሰው። ከኋላቸው ሚስታቸው ሳቢራ የመውለጃ ወሩ የገባ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች።

«እቴ አረጋሽ፣ ተነሺ» አሉ። «በኬላው በኩል መንገድ የለም፤ ጥይቱ የሚዘንበው እዚያ ነው። በቱሉ ሮባ እንወጣለን። የአባቴ የከብት መንገድ ነው፤ ማዶ ስንወርድ ኢትዮጵያ ነን።»

«አባቴስ ሐጂ? እሳቸው እንዴት አድርገው ተራራ ይወጣሉ?»

«በአልጋ እንሸከማቸዋለን።»

«ሳቢራስ? በዚህ ቀኗ?»

ሳቢራ ራሷ መለሰች፤ «እዚህ ሆኜ ከምቃጠል እዚያ ብወልድ ይሻለኛል።»

ያ መንገድ ከሁለቱ መንግሥታት ድንበር የበለጠ ዕድሜ ነበረው። በጥንት ዘመን ከጨው ጉድጓድ የተነሡ የግመል ነጋዴዎች ተራራውን በእርሱ ይሻገሩ ነበር፤ እንግሊዞች መጥተው ቀረጥ መቀበያ በከተማው ውስጥ በሠሩ ጊዜ መንገዱን ከለከሉ፤ ከብት ነጋዴ ግን አልተወውም። እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ ደግሞ ተራራው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ለጎሽና ለዝሆን ሲባል ሰውና ከብት እንዳይገባበት ታወጀ፤ መንገዱም በሣር ተሸፍኖ፣ የሚያውቁት እንደ አብዱላሂ ያሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነው ቀሩ።

በዚያን ጧት የቡቲዬ ሰው አብዱላሂን ተከትሎ ወጣ። ሴቱ ልጅ አዝሎ፣ ወንዱ የአቶ ዶቃታን አልጋ እየተፈራረቀ ተሸክሞ፣ ከኋላ የሚሰማውን ተኩስ ላለመስማት አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። ቀን ሙሉ ወጡ። በተራራው ሁለት ራሶች መካከል ዝቅ ያለ፣ የፈረስ ኮርቻ የሚመስል ስፍራ አለ፤ ነጋዴዎችም ኮርቻ ይሉታል። ወደዚያ ሲደርሱ ጉሙ ወረደባቸው፤ ነፋሱ እንደ ምላጭ ነበር፤ ሳቢራም ምጥ ያዛት።

አረጋሽ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ነጠላ ጋርደው ያዟት። ምጡ ጸና፤ ደሙም ከሚገባው በላይ ፈሰሰ። አቶ ዶቃታ ከአልጋቸው ላይ ሆነው የሴቲቱ ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰሙ፤ በእጃቸው የሰፉትን የሱፍ ካፖርት አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን ለሷ አልብሻት።»

«አባዬ፣ እርስዎም ይበርድዎታል!»

«እኔ ጠግቤ ኖሬአለሁ። አልብሻት ብያለሁ።»

አረጋሽ አባቷን አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅምና አለበሰቻት። ሳቢራ ግን አልተረፈችም፤ ሕፃኑም አልተረፈም። በነጋ ጊዜ አረጋሽ ወደ አልጋው ተመልሳ የአባቷን እጅ ብትይዝ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘችው።

መቆፈሪያ አልነበረም፤ ምድሩም አለት ነበር። ሰዎቹ በእጃቸው የጫሩትን ጥቂት አፈር አልብሰዋቸው፣ በረድፍ ቆመው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ጅብ እንዳይደርስባቸው ከበላያቸው ከመሩ፤ ሳቢራን ከነሕፃኗ በካፖርቱ ጠቅልለው ፊቷን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙረው፣ አቶ ዶቃታን ከአጠገቧ። አብዱላሂ ዱዓ አደረጉ፤ አረጋሽ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ከዚያም አብዱላሂ የከብት መንጃ ዘንጋቸውን በክምሩ ራስጌ ተክለው፣ «እኔ በሕይወት ሳለሁ ይህን ስፍራ ማንም አይነካውም» ብለው ማሉ። ሁሉም ሰማቸው። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ወረዱ።

በተከተለው ዓመት እርቅ ሆነ፤ ሽማግሌዎች ተጨባበጡ፤ ሰዉም ወደየከሰል ክምሩ ተመለሰ። አረጋሽ ቤቷን እንደገና ሠራች። ማን እንዳቃጠለው ታውቅ ነበር፤ አንዳንዶቹ እየመጡ ይበሉባት ነበር፤ ወጡን ጨልፋ ታቀርብላቸዋለች፤ ፊታቸውን ግን አታይም። በየዓመቱ በታኅሣሥ ከአብዱላሂ ጋር ወደ ኮርቻው ይወጡ ነበር፤ በኋላ ግን የፓርኩ ዘበኞች ያለ ፈቃድ አይገባም ብለው ከበር መለሷቸው።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓ.ም. አስፋልቱ ከኢሲዮሎ ከተማ ተነሥቶ ሞያሌ ደርሶ ነበር። ከናይሮቢ ያለው ጉዞ ስላጠረ የፓርኩ አስተዳደር በቱሉ ሮባ ላይ የእግር ተጓዦች መንገድ እንዲከፈት ወሰነ፤ ስሙም «የሰላም መንገድ» ተባለ። የቀድሞውን የከብት መንገድ መርቶ የሚያሳይ ሰው ሲፈለግ ሐጂ አብዱላሂ ተጠሩ። ከጠቡ ወዲህ ንግዳቸው ወድቆ ነበርና ሹመቱን ተቀበሉ፤ የፓርኩን አረንጓዴ ካፖርትም ለበሱ። አረጋሽ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ኮርቻው በታማኝ ሰው እጅ ገባ ብላ አሰበች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከተራራው የወረዱ ግንበኞች ቤቷ ገብተው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ፈቃደ የሚባል፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የመጣ ቀልደኛ ሰው ነበር።

«ሥራው እንዴት ነው? አልከበዳችሁም?» አለች አረጋሽ ሽሮውን እያስቀመጠች።

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደረጃውን ጨረስነው» አለ ፈቃደ። «ላይኛው ጋ ድንጋይ መፍለጥ እንኳ አላስፈለገንም። ኮርቻው ላይ ተከምሮ አገኘነው። ምርጥ ምርጡን ሰው መርጦ ያስቀመጠው ነው የሚመስለው!»

ጓደኞቹ ሳቁ። አረጋሽ ድስቱን እንደያዘች ቆመች።

«ራስጌው ላይ ዘንግ ነበረ?»

«ነበረ። ሻይ አፈላንበት። ምነው?»

አረጋሽ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ከሥሩስ ምን አገኛችሁ?»

ፈቃደ ቀና ብሎ ፊቷን ባየ ጊዜ ሳቁ ከአፉ ላይ ጠፋ። «አፈር… የቆየ ጨርቅ። ሱፍ ነገር። ተቆጣጣሪው የእረኛ ጨርቅ ነው፣ አልብሱት ብሎን አፈር መልሰን አለበስነው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እትዬ፣ ምን ነበር?»

«አባቴ ነበር» አለች።

ግንበኞቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አረጋሽም ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጣ ወደ ከብት ገበያው ሄደች። ሐጂ አብዱላሂን ከነጋዴዎች ጋር ቆመው አገኘቻቸው።

«ሐጂ፣ ያውቁ ነበር?»

ከሰዎቹ ራቅ አሉ፤ ተከተለቻቸው።

«ያውቁ ነበር ወይ ነው የምልዎ!»

«ድንጋዩ በተነሣበት ቀን ማርሳቢት ከተማ ነበርኩ» አሉ። «ተመልሼ ሳየው ደረጃው አልቋል።»

«መቼ ነው የተመለሱት?»

«ባለፈው ወር።»

«ባለፈው ወር!» አለች። «አንድ ወር ሙሉ በቤቴ በር ሲያልፉ፣ ደህና አደርሽ ሲሉኝ…»

«አረጋሽ፣ ስሚኝ እህቴ። መቃብር ነው ብዬ ብናገር የማን መቃብር ነው ይሉኛል። የማን ነው ካሉ ማን ገደላቸው ይላሉ። ከዚያስ? ያ እሳት ገና አልጠፋም፤ አመድ ነው የለበሰው። እኔ ሌላ ሳቢራ መቅበር አልፈልግም።»

ንግግሩ እውነት ነበረበት፤ አረጋሽም ታውቀዋለች፤ ይበልጥ ያቃጠላትም ይኸው ነው።

«አባቴ ካፖርቱን ለሚስትህ አውልቆ ነው የሞተው» አለች። «አንተ ደግሞ የእነሱን ካፖርት ለብሰህ ዝም አልክ።»

ሐጂ አብዱላሂ ፊታቸው ተለወጠ። እንደ ታላቅ ወንድም አክብራቸው የኖረች ሴት በገበያ መካከል አንተ ስትላቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ አረጋሽ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። የፓርኩ ኃላፊ፣ ዋርደኑ፣ ፍራንሲስ የሚባል፣ ከመሐል አገር ተሹሞ የመጣ፣ ልብሱ እንደተተኮሰ የሚውል ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም። የሆነውን ሁሉ በስዋሂሊ ነገረችው።

«ፖሌ ሳና፣ ማማ» አለ በስዋሂሊ፤ እጅግ አዝናለሁ ማለቱ ነው። «ግን እዚያ መቃብር ስለመኖሩ ለቢሮው የተነገረ ነገር የለም።»

«አሁን ነገርኩህ።»

«ምረቃው ቅዳሜ ነው። እንግዶች ከናይሮቢ ተነሥተዋል። ይህ መንገድ ለአካባቢው ሰላም የተሠራ ነው፤ በዚህ ሰዓት ስለ ሞት ማንሣት ቁስል መነካካት ይሆናል። ከምረቃው በኋላ አቤቱታሽ በደንብ ይታያል።»

«ከምረቃው በኋላ? ከረገጣችሁት በኋላ?»

«ማማ፣ ጩኸት አያስፈልግም።»

«ገና አልጮህኩም» አለችና ወጣች።

በዚያ ሳምንት ፈቃደ ወደ ቤቷ መጣ። ለመብላት አልነበረም። በር ላይ ቆሞ፣ «የሠራሁት በራሴ እጅ ነው፤ እንቅልፍ ነሣኝ» አለ፤ ለድንጋይ መንቀያ የሚሠራበትን ድጅኖም ግድግዳው ላይ አስደግፎላት ሄደ።

ቅዳሜ ጧት ዘበኞቹ ሁሉ ለእንግዶቹ አቀባበል ወደ ዋናው በር ተሰብስበው ሳለ፣ አረጋሽ በኦቦ በኩል ባለው የፍየል መንገድ ገብታ ወጣች። ኮርቻው ላይ ስትደርስ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ደረጃዎቹ ቀጥ ብለው፣ በሲሚንቶ ተያይዘው፣ አምረው ይታያሉ፤ ክምሩ ከነበረበት ስፍራ ላይ አግዳሚ ወንበርና የእንጨት መደገፊያ ተተክሏል። የሱፍ ክር የምታህል ነገር እንኳ አልነበረችም። ቆማ አየችው። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው እምቢ አላት፤ የመጣላት ቁጣ ብቻ ነበር፤ ከእግሯ ጥፍር ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ የሚያፏጭ ቁጣ። ድጅኖውን አንሥታ የላይኛውን ደረጃ መነቅነቅ ጀመረች።

እንግዶቹ ነጭ ቆብ አድርገው፣ ከፊታቸው ከበሮ እየተመታ ሲወጡ፣ አንድ ድንጋይ ነቅላ ሁለተኛውን ጀምራ ነበር። ከበሮው ተቋረጠ። ፍራንሲስ እያለከለከ መጣ።

«ማማ! ይህ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ድንጋዩ የቡቲዬ ሰው ንብረት ነው፤ በእጅ ተቀባብለን ያመጣነው ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሲሚንቶህን ውሰድ።»

ሁለት አስካሪዎች፣ የፓርኩ ዘበኞች፣ ወደ እርስዋ ተራመዱ። ከእንግዶቹ ፊት እየመሩ የወጡት ሐጂ አብዱላሂ ነበሩ፤ አረጋሽ ያን ጊዜ ነው ያየቻቸው። ድጅኖውን ተደግፋ ቆመች።

«ና እንጂ!» አለቻቸው በአማርኛ፣ ተራራው እስኪያስተጋባ። «ና ምራቸው! እግርህን አንሣና ሳቢራ ላይ አስቀምጥ! ልጅህ ላይ አስቀምጥ! ሰላም ነው አይደል? በል እርገጥ!»

እንግዶቹ ቋንቋውን ባይሰሙም ባሉበት ቆሙ። አብዱላሂ ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ አረንጓዴውን ካፖርትም አውልቀው በመደገፊያው ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው በስዋሂሊ ተናገሩ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነበር።

«ከዚህ በላይ አልመራችሁም። ሚስቴና ልጄ እዚህ ናቸው። የዚህች ሴት አባትም እዚህ ነው። ቤታችን ሲቃጠል ሸሽተን ስናልፍ ሞቱብን። የረገጣችሁት ደረጃ የመቃብራቸው ድንጋይ ነው። እኔ አውቅ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ከእንግዶቹ አንዲት ሴት ከቆመችበት ደረጃ ላይ እሳት እንደረገጠች ሁሉ ዘልላ ወረደች። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ። አብዱላሂ በባዶ እግራቸው ወደ ላይ በጎን ባለው ሣር በኩል ወጥተው ከአረጋሽ አጠገብ ተቀመጡ። አስካሪዎቹ ሁለቱንም እጃቸውን ይዘው አወረዷቸው።

የሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓ.ም. ምረቃ እንዲህ ሆነ። ሪባኑ ግን ተቆረጠ፤ ከኮርቻው በታች፣ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ፤ ንግግርም ተደረገ፤ ጭብጨባም ነበረ። አረጋሽና አብዱላሂ በተከለለ ስፍራ ንብረት አጥፍተዋል ተብለው ታስረው ሰነበቱ፤ ዳኛውም ገሥጾ በማስጠንቀቂያ ለቀቃቸው። በሞያሌ ገበያ ሰዉ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ጀግና አላት፣ ሌላው ጠብ ጫሪ። ይፈራ የነበረው ጠብ ግን አልተነሣም። እንዲያውም አንድ ቀን ከዚያን ጊዜዎቹ ቤት አቃጣዮች አንዱ ወደ ሆቴሏ ገብቶ ቆሞ፣ «ድንጋዩን ስትመልሱ ጉልበት ካስፈለጋችሁ…» ብሎ ጀመረ። «አያስፈልገኝም» አለችው። ሰውየው ወጣ። ስለዚያ መልሷ ተጸጽታ አታውቅም።

ፍራንሲስ ከብዙ ማመንታት በኋላ ድንጋዩ ወደ መቃብሩ እንዲመለስ ፈቃድ ሰጠ፤ ምክንያቱን የአፈር መሸርሸር ብሎ ደረጃውን አስፈረሰ፤ መንገዱም ከኮርቻው በታች ዞሮ እንዲያልፍ አዘዘ። ፈቃደ ሲሚንቶውን ከየድንጋዩ ላይ በመሮ ፋቀ። አረጋሽና አብዱላሂ ድንጋዮቹን መልሰው ከመሩ፤ የትኛው ከማን በላይ እንደነበር የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉንም አንድ ክምር አደረጉት።

ሲጨርሱ አብዱላሂ፣ «ይቅር ትይኛለሽ ወይ?» አሏት።

አረጋሽ እጇን አራገፈች። «ሐጂ፣ ድንጋዩን መልሰዋል። ያን አንድ ወር ግን ሊመልሱልኝ አይችሉም።»

አንቱ ማለቷን ሰሙ፤ ይቅርታ እንዳልሆነም አወቁ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው፣ ሳይነጋገሩ ወረዱ። ከዚያ በኋላ በየታኅሣሡ አብረው ወጥተዋል፤ ወዳጅነታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በተከታዩ ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ጥይት በኢትዮጵያው ሞያሌ ተሰማ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ወደ ኬንያ ሸሸ። ከሸሹት አንዳንዶቹ በቱሉ ሮባ በኩል፣ በዚያው መንገድ፣ ልጅ አዝለው ወረዱ። የሰላም መንገድ በዚያ ሳምንት ለተጓዦች ዝግ ነው ተብሎ ነበር። አረጋሽ በጀሪካን ውሃ አስጭና እስከ ፓርኩ በር ድረስ ሄደች፤ አስካሪውን ገፍታ በሩን ራሷ ከፈተችው።

ዛሬ የፓርኩ መጽሔት ስለዚያ መንገድ ሲተርክ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓ.ም. እንደተከፈተና ማን ሪባን እንደቆረጠ ይናገራል፤ የግመል ነጋዴዎቹን በአንድ መስመር ያነሣል፤ የሸሸውን ሕዝብ አያነሣም፤ ያ ሕዝብ ለጉብኝት አልወጣምና። ኮርቻው አጠገብ መንገዱ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ተጓዦች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ አስጐብኚዎቹ ከዚያ በኩል ሸለቆው አምሮ ስለሚታይ ነው ይሏቸዋል፤ ተጓዦቹም እውነት ነው ብለው ፎቶ ይነሣሉ። ሸለቆው በእርግጥ ያምራል። ታሪክ ከቡቲዬ ሰዎች ቁጣ ያቆየው ያንን መታጠፊያ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሸሸውን ሰው ስም ሳይጠራ ነው ያቆየው።